የምናሉ ፓፍ

(በአንዲት በርበሬ በሚበዛባት ትንሽ ከተማ፣ ጠዋት፤ በርበሬ ነጋዴዋ ትርንጎ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣ የተሰጣውን በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ሃያ ስድስት ዓመት በጤና ጣቢያው ያገለገለችው ነርስ ሲስተር አልጋነሽ ቦርሳዋን ይዛ ፊት ለፊቷ ቆማለች።)

ትርንጎ፦ ሲስተር፣ ሽሮፑን ይስጡኝና በሰላም ይሂዱ። ሌላ የጠየቅሁት ነገር የለም።

አልጋነሽ፦ ሽሮፕ አልያዝኩም ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ታዲያ ያ ቦርሳ ምን ጎርሶ ነው እንዲህ ያበጠው? ትናንት ልጄን ይዤ ብመጣ "ነገ ቤትሽ ድረስ እመጣለሁ" ብለው መለሱኝ። ነርስ ቤቴ ድረስ መጥቶልኝ አያውቅም፤ ደስ ብሎኝ ጠዋት ግቢውን ሳይቀር ጠርጌያለሁ። ባዶ እጅዎን ኖሯል የሚመጡት።

አልጋነሽ፦ ስለናት እንዴት አደረች?

ትርንጎ፦ ስታስል። አሁን ውስጥ ትራስ አስደግፌ አስቀምጫታለሁ፤ ጋደም ስትል ይብስባታል። ደረቷ ያፏጫል። ያንን ፉጨት እርስዎም ያውቁታል።

አልጋነሽ፦ አውቀዋለሁ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ምች ነው፣ የሳንባ ምች። መድኃኒቱ ደግሞ ሽሮፕ ነው። ይኸው እኔ እንኳ ሐኪም ሆኜልዎታለሁ።

አልጋነሽ፦ ከኔ ነው የተማርሽው።

ትርንጎ፦ ከማን ልማር ታዲያ? ወንድሟን ምናሉን ዘጠኝ ጊዜ ነው ያመጣሁልዎት። ዘጠኝ ጊዜ ሸሚዙን ገልጠው፣ ሰዓትዎን ይዘው ትንፋሹን ቆጠሩለት። ዘጠኝ ጊዜ ምች ነው ብለው ሽሮፕ ጻፉለት። ያ ልጅ የሽሮፑን ጣዕም ከወተት በላይ ነው የሚያውቀው። ነበር የሚያውቀው።

አልጋነሽ፦ እ... እጥሽ። ይቅርታ። በርበሬው ነው።

ትርንጎ፦ ወዲህ ዞር ብለው ይቀመጡ፣ ነፋሱ ወደዚያ ነው። እንኳን እርስዎን ዝንቡንም ያስነጥሰዋል። እኛማ ለመድነው።

አልጋነሽ፦ ይሄ ሁሉ በርበሬ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚሰጣው?

ትርንጎ፦ ዝናብ ሲመጣ ቤት ይገባል። አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ የተገኘበት። ምነው፣ ሊገዙኝ ነው?

አልጋነሽ፦ ምናሉ የት ነበር የሚተኛው?

ትርንጎ፦ እዚያው ነዋ፣ ጆንያዎቹ አጠገብ። ደረቱን ብርድ እንዳይመታው ብዬ በሁለት ጆንያ መሐል ነበር የማስተኛው። በርበሬ ሙቀት አለው። ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያዩኝ?

አልጋነሽ፦ ዘጠኝ ጊዜ ስትመጪ በምን እንደምትተዳደሪ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።

ትርንጎ፦ ምን ብለው ይጠይቁኛል? ነርስ ነዎት እንጂ ግብር ሰብሳቢ አይደሉ።

አልጋነሽ፦ መጠየቅ ነበረብኝ። ስሚኝ ትርንጎ፣ ስለናት ምች የለባትም። ሽሮፕ ያላመጣሁላት ለዚህ ነው። የወንድሟም ምች አልነበረም። አስም ነው።

ትርንጎ፦ ያንን ስም ደጄ ላይ አይጥሩብኝ።

አልጋነሽ፦ ምናሉን ሆስፒታል ስትወስጂው ሐኪሙ ነግሮሽ ነበር እኮ።

ትርንጎ፦ ነግሮኛል። ያቺን አፍ ውስጥ የምትነፋ ሰማያዊ ፓፍም አስይዞኛል። ከዚያ ከአውቶቡስ ስወርድ ቤቴ እንኳን ሳልገባ ወደ እርስዎ ነው ይዣት የመጣሁት። ያሉኝን ያስታውሳሉ?

አልጋነሽ፦ አስታውሳለሁ።

ትርንጎ፦ እስቲ ይድገሙልኝ።

አልጋነሽ፦ "ለልጅ አይሆንም። አንዴ ከለመደ ያለ እሷ መተንፈስ ያቅተዋል። ልብ ላይ ትወጣለች። ወዲያ አስቀምጫት፣ ቢብስበት ወደ እኔ አምጪው።"

ትርንጎ፦ ደህና ይዘውታል። "ጎበዝ እናት ልጇን በፓፍ አታሳድግም" ያሉትን ግን ዘለሉት።

አልጋነሽ፦ እንደዚያ ብያለሁ?

ትርንጎ፦ ብለዋል። እኔም ጎበዝ እናት መሆን አማረኝ። ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ይኸው ቁልፉ፣ ዛሬ ከማተቤ ጋር ነው የማስረው። እና አሁን ስምንት ወር አፈር ውስጥ ከተኛ በኋላ ምች አልነበረም ይሉኛል። ማን ነገረዎት?

አልጋነሽ፦ ባለፈው ወር አምስት ቀን ሥልጠና ሄጄ ነበር።

ትርንጎ፦ ሰምተናል። ሲስተር ከተማ ለከተማ እየተንሸራሸሩ ነው ሲባል ነበር።

አልጋነሽ፦ ሥልጠናው ስለ ልጆች አስም ነው። ገና ሳይጀመር የምናውቀውን ሊለኩ ወረቀት አደሉን። ሃያ ጥያቄ ነው። ስድስተኛው "ፓፍ ልጆችን ሱስ ያስይዛል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?" ይላል። እኔ "እውነት" ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ እንኳ አላመነታሁም፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ነው የጻፍኩት። ከሃያው ሰባት አገኘሁ።

ትርንጎ፦ ሰባት?

አልጋነሽ፦ ሰባት። አሠልጣኙ የመጨረሻ ልጄን የሚያህል ነው። ስም ሳይጠራ የተሳሳቱትን መልሶች አንድ በአንድ እያነበበ ያርማል። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ "እንግዲህ ፓፍን ከጫት ተራ ሄደን መግዛታችን ነው" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እንዳይነቃብኝ ብዬ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። ከዚያ ምናሉ ትዝ አለኝ። ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

ትርንጎ፦ ሱስ ካልሆነች ምንድን ናት ታዲያ?

አልጋነሽ፦ መድኃኒቱ እሷው ናት። የጠበበውን የአየር ቧንቧ የምትከፍተው እሷ ናት። ልብ መምታቱ እውነት ነው፣ እጅም ታንቀጠቅጣለች፣ ግን ወዲያው ያልፋል። ማንንም አትጎዳም።

ትርንጎ፦ ይሄ ውሸት ነው።

አልጋነሽ፦ የዋሸሁሽ ያኔ ነው። ሳላውቅ።

ትርንጎ፦ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ እያልኩዎት ነው።

አልጋነሽ፦ ምኑን አየሽ?

ትርንጎ፦ ምንም። ሥራ አለብኝ ሲስተር፣ ይሄ ሁሉ ዛሬ ተቀንጥሶ ማለቅ አለበት።

አልጋነሽ፦ ትርንጎ። ምን አየሽ? ምናሉ ያረፈ ቀን "ፓፏን አልነካኋትም" ነበር ያልሽኝ።

ትርንጎ፦ ምን እንድልዎ ነበር? ልጄን አዝዬ በርዎ ላይ ስደርስ ገና ሳይቀበሉኝ የጠየቁኝን አልረሳውም። "ያቺን ነገር ሰጠሽው እንዴ?" ነው ያሉኝ። ከአፍዎ ይልቅ ዓይንዎ ነው የጠየቀኝ። እንዲያ እያዩኝ "አዎ" እንድል ነበር?

አልጋነሽ፦ ሰጥተሽዋል ማለት ነው።

ትርንጎ፦ አባቱ አያውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም። በስምንት ወር ውስጥ ከእርስዎ በፊት ይሄን የሰማ ጆሮ የለም።

አልጋነሽ፦ ንገሪኝ እስቲ።

ትርንጎ፦ ያኔ ቁልፉን ዱቄት ዕቃው ሥር ነበር የማኖረው። ከዚያ አጣሁት። ዕቃ ስገለብጥ፣ ዱቄት ስዝቅ፣ እሱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ አልጋውን ተደግፎ ያየኛል። አላለቀሰም። ለማልቀስ ትንፋሽ ይፈልጋል። ቁልፉን ሳገኘው የልጄ ከንፈር ጠቁሯል። ፓፏን አውጥቼ አፉ ውስጥ አድርጌ አንዴ ተጫንኩ። ሁለቴ ተጫንኩ። ከዚያ ደረቱን ብነካው ልቡ እጄን ገፋው፣ ሲስተር። በእጄ መዳፍ ነው የገፋኝ። "ልብ ላይ ትወጣለች" ያሉኝ መጣብኝና "ገደልኩት" አልኩ። ፓፏን ወርውሬ አዝዬው ሮጥኩ። ገበያው ጋ ስደርስ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ።

አልጋነሽ፦ ሁለት ጊዜ ነው የነፋሽለት?

ትርንጎ፦ ሁለት ጊዜ። ሁለቱ ናቸው የገደሉት። ከቀብር መልስ ፓፏን ከወደቀችበት አነሣሁና መልሼ ቆለፍኩባት። ወንጀሌ ናት፣ ሰው እንዳያያት ብዬ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

አልጋነሽ፦ ቀና በይና እዪኝ። አልገደልሽውም። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያን ቀን በዚህ ከተማ ውስጥ ለምናሉ ልክ የሆነውን ነገር ያደረገለት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። አነሱ እንጂ። አራት፣ ስድስት፣ አሥርም ይሰጣል። ካልተሻለው ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይደገማል። ልቡ መምታቱ መድኃኒቱ መግባቱ ነበር።

ትርንጎ፦ እንዳቆም ያደረገኝ...

አልጋነሽ፦ የኔ ቃል ነው።

ትርንጎ፦ ብቀጥል ኖሮስ?

አልጋነሽ፦ እሱን አላውቅም።

ትርንጎ፦ ያውቃሉ።

አልጋነሽ፦ በየጊዜው ሰጥተሽው ቢሆን ኖሮ እዚያ ደረጃ አይደርስም ነበር። ያን ቀንም ቢሆን ብትቀጥዪ፣ ይተነፍስ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ትርንጎ፦ ውይ ልጄን። ውይ ልጄን። ይሄን ልትነግሪኝ ነው ቤቴ ድረስ የመጣሽው? ስምንት ወር የልጄ ገዳይ ሆኜ ስተኛ ስነሣ የት ነበርሽ? ለቅሶው ላይ ከጎኔ ተቀምጠሽ "ያላደረግሽለት የለም፣ እግዜር ያለው ነው" ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ትከሻሽ ላይ ተደፍቼ ነው እኮ ያለቀስኩት። ነጠላሽን በእንባዬ ነው ያራስኩት። አሁን ደግሞ የራስሽን ሸክም ተሸክመሽ መጥተሽ እኔ ላይ ልታራግፊው?

አልጋነሽ፦ እውነትሽን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ነው የዞርኩት። ስለናት ባትታመም እስከ መቼ እንደምዞር አላውቅም። ትናንት ደረቷን ሳዳምጥ ያ ፉጨት ተመልሶ መጣ። እጄ ደግሞ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? እስክሪብቶ አንሥቶ ሽሮፕ ሊጽፍልሽ ጀመረ። አውቄ እንኳን እጄ ልማዱን አለቀቀም። ጤና ጣቢያው ደግሞ ፓፍ የለውም፤ ሽሮፕ ነው ሞልቶ የተረፈው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ፓፍ ከዞኑ ከተማ አስልኬ ነው፤ ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ደረሰችልኝ።

ትርንጎ፦ ውጪልኝ ከግቢዬ።

አልጋነሽ፦ እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን ስለናትን...

ትርንጎ፦ ውጪ አልኩሽ። አንቺ የነካሽው ልጅ... ቆይ። ዝም በይ እስቲ።

አልጋነሽ፦ ምነው?

ትርንጎ፦ ሳሏ አይሰማም። አሁን እዚህ ሆነን ይሰማ ነበር።

አልጋነሽ፦ ተነሺ። ተነሺ እንግባ።

ትርንጎ፦ ተሽሏት ይሆን?

አልጋነሽ፦ ለመሳል አቅም አጥታ ይሆናል። ተነሺ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ስለናትዬ። እናቴ። እዪኝ እስቲ፣ ምን ሆንሽብኝ? ሲስተር፣ እጇን እዪው፣ እንደሱ አልጋውን ተደግፋለች። ልክ እንደሱ።

አልጋነሽ፦ አታናግሪያት፣ መልስ ለመስጠት ትደክማለች። ከኋላ ደግፊያት። ቀና ትበል። ቦርሳውን ወዲህ በይልኝ።

ትርንጎ፦ ይሄ ምንድን ነው? ሃይላንድ? የውሃ ላስቲክ ነው እኮ።

አልጋነሽ፦ ቂጡን በጋለ ሽቦ በስቼ ዙሪያውን በፕላስተር ለበድኩት። አምስት አበላሽቼ ይሄ ስድስተኛው ነው። ፓፏ በቂጡ በኩል ትገባለች፣ እሷ አፉን በከንፈሯ ትይዛለች። መድኃኒቱ እዚህ ውስጥ ይጠብቃታል፤ በራሷ ትንፋሽ ቀስ እያለች ትስበዋለች። ሥልጠናው ላይ ያሳዩን እንዲህ ነው።

ትርንጎ፦ መጀመሪያ አንቺ። ፊቴ ላይ አንቺ ውሰጂው።

አልጋነሽ፦ ጊዜ የለንም።

ትርንጎ፦ አንዴ። ልቤ አላምን አለኝ። አንዴ ብቻ።

አልጋነሽ፦ እሺ። እዪ... ይኸው። እጅሽን እዚህ ደረቴ ላይ አድርጊ። ይመታል?

ትርንጎ፦ ይመታል።

አልጋነሽ፦ ቆሜያለሁ?

ትርንጎ፦ ቆመሻል። አምጪው። እኔ ነኝ የምሰጣት፣ ያንቺ እጅ ልጄን አይነካም። አንቺ በቃልሽ ንገሪኝ።

አልጋነሽ፦ የላስቲኩን አፍ በነጠላሽ ጥረጊው። ፓፏን ነቅንቂያት። ከንፈሯን ትግጠም። አንዴ ተጫኚ። አሁን ዝም ብላ ትተንፍስ፣ እንደ ልማዷ። አምስት ትንፋሽ። ጎበዝ ስለናት። አንድ አልን። ደግሞ ነቅንቂያት። ተጫኚ። ትተንፍስ። ሁለት። ቀጥዪ።

ትርንጎ፦ ልቧ መምታት ጀመረ።

አልጋነሽ፦ ይምታ። ሦስተኛውን ስጫት።

ትርንጎ፦ እኔ ሁለት ላይ ነው ያቆምኩት።

አልጋነሽ፦ አውቃለሁ። ዛሬ አናቆምም።

ትርንጎ፦ እጄ እምቢ አለኝ። እዪው፣ አይታዘዘኝም።

አልጋነሽ፦ እጄን እጅሽ ላይ ላድርገው?

ትርንጎ፦ ... አድርጊው።

አልጋነሽ፦ አብረን። ሦስት። ትተንፍስ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ደግሞ። አራት። እንዲህ ነው። አምስት። እጅሽ መለስ አለ፣ ልልቀቅሽ?

ትርንጎ፦ አትልቀቂኝ።

አልጋነሽ፦ ስድስት። አሁን ትረፍ። ጥቂት እንያት።

ትርንጎ፦ ትከሻዋ ወረደ። እዪ፣ ሽቅብ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዋ ወርዷል። ምን አልሽኝ እናቴ? ውሃ? ውሃ አለች። ተናገረች፣ ሰማሻት?

አልጋነሽ፦ ሰማኋት። ቀስ እያለች ትጠጣ። ሃያ ደቂቃ እንጠብቅና ካስፈለገ እንደግምላታለን። ከዚያ አስሙን ከሚያስነሣባት ከዚህ በርበሬ አውጥተን አንድ ላይ ሆስፒታል እንወስዳታለን፣ በየቀኑ የምትወስደውንም መድኃኒት ይስጧት። ዛሬ ግን ተነፈሰች።

ትርንጎ፦ ይሄን ያህል ቀላል ነው?

አልጋነሽ፦ ትርንጎ...

ትርንጎ፦ አትሸሺኝ፣ ንገሪኝ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር?

አልጋነሽ፦ ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ትርንጎ፦ እሷ ውሃ ስትጠጣ እኔን ለምንድን ነው እንዲህ የሚያንገበግበኝ? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛል። ግን እያንዳንዷን ጉንጭ ስትውጥ እሱን ነው የማየው። ውሃ እንኳን ሳይል ነው የሄደ።

አልጋነሽ፦ አልቅሺ። እኔም...

ትርንጎ፦ አንቺ ቆይ። ለስንት እናት ነው እንዲህ ያልሽው? "አትስጪው፣ ሱስ ነው" ብለሽ?

አልጋነሽ፦ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። አላስታውሳቸውም።

ትርንጎ፦ ከነሱ ውስጥ ስንቷ ይሆን ሳጥን የቆለፈችው?

አልጋነሽ፦ እሱን ሳስበው ነው እንቅልፍ የማጣው።

ትርንጎ፦ ሐሙስ የክትባት ቀን ነው። የከተማው እናት ሁሉ አግዳሚው ላይ ይሰለፋል። አንቺም መርፌው ሳይጀመር ቆመሽ ስለ ንጽሕና ታስተምሪያቸዋለሽ። የፊታችን ሐሙስ ይሄን አስተምሪ።

አልጋነሽ፦ ስለ አስም እነግራቸዋለሁ። ላስቲኩንም አሳያቸዋለሁ።

ትርንጎ፦ ስለ አስም አይደለም። ስለ ምናሉ።

አልጋነሽ፦ ወሬው ጤና ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። ይጠይቁኛል። ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ።

ትርንጎ፦ ምናሉ ስምንት ዓመቱ ነበር።

አልጋነሽ፦ ...እነግራቸዋለሁ።

ትርንጎ፦ "አንዲት ነርስ" ብለሽ እንዳትጀምሪ።

አልጋነሽ፦ "እኔ" ብዬ እጀምራለሁ። ትርንጎ፣ ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም እንጂ...

ትርንጎ፦ አትበይኝ። ዛሬ አይሆንልኝም፣ መቼ እንደሚሆንልኝም አላውቅ። ይልቅ ይሄን ቁልፍ ከማተቤ ፍቺልኝና ሳጥኑን ክፈቺው። እኔ ከቀብሩ ወዲህ ደፍሬ አልከፈትኩትም። ሐሙስ ከፊት እቀመጣለሁ፤ አንቺ ተናግረሽ ስትጨርሺ እኔ እነሣና የልጄን ፓፍ ለእናቶቹ አሳያቸዋለሁ። እየተቀባበሉ ይዩአት። ሁለት ጊዜ ብቻ የተነፋች ናት።